አባቴ በኢንተርኔት የነዳው ከባድ መኪና

አባቴ ከባድ መኪና መንዳት ያቆመው በሐኪም ቃል ነው። ስኳሩ ዓይኑን ነክቶት ኖሯል። ነጂዎች በየጊዜው የሚያልፉትን የጤና ምርመራ ሊያደርግ ሄዶ፣ ሐኪሟ ወረቀቱን ሳትፈርምለት ቀረች። እኔም አብሬው ነበርኩ። ትንሿን መኪና በቀን መንዳት እንደሚችል፣ ኮንቴይነር መጎተት ግን ከእንግዲህ እንደማይሆን ነገረችው። እንግሊዝኛው ለዚህ አያንሰውም ነበር። ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምን አለች?" አለኝ። በአማርኛ ደገምኩለት። "እሺ" አለ። ኮፍያውን አነሳ፣ አመሰገናት፣ ወጣን።

በወጣትነቱ ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። አሜሪካ ከገባን በኋላም የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ፓርኪንግ ሲጠብቅ ከረመና፣ ከዚያ ወዲህ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ ሲያመላልስ ኖረ። መሪ ያልያዘ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ሥራ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ደወለችልኝ።

"አባትሽ ጠዋት ተነስቶ ይለባብስና መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። በመንገዱ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ድምፁን ሰምቶ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ይነግረኛል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት?"

ያኔ እኔ ሳን ሆዜ ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ሳንታ ክላራ ነው፤ ሶፍትዌር ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የት ጋ እንደሚበላሽ መፈተሽ። ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ስለነበር፣ ሁሉ ነገር "ክላውድ ላይ ነው" የሚባልበት ጊዜ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ላይ፣ ውድ ኮምፒውተር ሳይገዙ በየወሩ እየከፈሉ ጌም መጫወት እንደተቻለ አጫወተኝ። ጌሙ የሚሠራው ሩቅ ቦታ ባለ የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቤት የሚመጣው ምስሉ ብቻ፣ እንደ ፊልም። ዝርዝሩን ሳይ መሐሉ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳበት ጌም አለ። ጭነት ትቀበላለህ፣ ከከተማ ከተማ ታደርሳለህ፣ ቀስ በቀስ የራስህን ድርጅት ታቆማለህ። ሌላ ምንም የለበትም። አይተኮስበት፣ አይሞትበት። የአባቴን ፊት አሰብኩና ወዲያው ተመዘገብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኩባንያው የላከልኝን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን፣ ከሱ ጋር የመጣውን የእጅ መጫወቻ፣ ለብቻዬ የገዛሁትን መሪና ፔዳል ጭኜ ወደ ኦክላንድ ወጣሁ። መሪው ነበር የኔ ኩራት፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ በቆዳ የተለበጠ። ስሰካው ግን አልሠራም። ነቅዬ ሰካሁት፣ አጠፋሁ አበራሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አገልግሎቱ ከራሱ መጫወቻ በቀር ሌላ ነገር አይቀበልም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስፈልግ የምውል ሰው፣ ይህን አስቀድሜ አላጣራሁም።

"ተይው፣" አለ አባቴ መሪውን እየዳበሰ። "እንዲሁ ማየቱም ደስ ይላል።" መሪው ወደ ካርቶኑ፣ ካርቶኑም ወደ ቁም ሣጥን ገባ።

ከዚያ በእጅ መጫወቻው ጀመረ። ቢስሚላህ ብሎ ያዘው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር መንዳት አልነበረም፤ ስፖኪዮውን እንዴት እንደሚያይ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ፍሬቻውን ጠየቀኝ። አሳየሁት። ግራና ቀኝ አይቶ ከግቢው ወጣ፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈ፣ ቀስ ብሎም ዳር ይዞ አቆመ።

"ይዘገያል" አለ።

"ምኑ?"

"መሪው። እኔ ካዞርኩ በኋላ መኪናው መጀመሪያ ያስባል።"

"አባዬ፣ ያ እኮ ከሰከንድ በጣም ያነሰ ነው። ሰው አያውቀውም ነው የሚሉት።"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

እኔም ተቀብዬ ሞከርኩት፤ ለኔ ምንም አልታየኝም። እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁት፤ እሱ የሚጫነው ቁልፍ በኢንተርኔት ሩቅ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄዳል፣ መኪናው የሚዞረው እዚያ ነው፣ የዞረው መኪና ምስል ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ አሰበበት።

"እንግዲያ መኪናው ያለው ሰው ቤት ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በስልክ ነው የምነግረው።"

"እንደዚያ በለው።"

"ፍሬን ስይዝም?"

"ፍሬንም።"

"ድንገት ሰው ቢገባበትስ?"

"ጌም ነው እኮ አባዬ።"

"ጌምም ቢሆን" አለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጌም ውስጥ እንደ አባቴ ከፊቱ ካለው መኪና ርቆ የነዳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለመደው። መታጠፊያው ሳይደርስ ማዞር፣ መብራቱ ሳይቀላ ፍሬን መንካት ለመደ። ከሁሉ የከበደው ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት ነበር፤ ያ በትንሽ በትንሹ እያረሙ ነው፣ መሪው ሲዘገይ ደግሞ እርማቱ ራሱ ሌላ ስህተት ይሆናል። እሁድ እሁድ አንድ ወዳጁ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል። ወሎዬ ነው፣ ከአባቴ በዕድሜ የሚያንስ፣ ያኔም ወደቡ ላይ የሚነዳ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አንዴ በስፖኪዮ አይተው ነበር የሚያስገቡት። ለዚህ እንዲህ ያልብዎታል?" ይለዋል።

"አንተ ረዳትህ ደንቆሮ ቢሆን ታውቀው ነበር" ይላል አባቴ፤ ይስቃሉ። እናቴ ሻይ ይዛላቸው ትመጣና፣ "ዛሬስ ምን ጫናችሁ?" ትላቸዋለች። በሁለት ወር ውስጥ ስድስት መኪና ያለው ድርጅት አቋቋመ። አንዷን ወደቡ ላይ ይነዳት የነበረችው መኪና በነበራት ቀለም፣ በጥቁር አረንጓዴ አስቀባት፤ እሷን ለሌላ ሾፌር አይሰጥም። መስኮቱ ሥር መቀመጡ ቀረ። ስደውል እናቴን ሳይሆን እሱን ነበር የማገኘው፤ የት እንደደረሰ ሲነግረኝ ከልቡ መንገድ ላይ ያለ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። አንድ ቅዳሜ ስመጣ ሣጥኑ በጨርቅ ተሸፍኖ አገኘሁት።

"ሰለቸህ እንዴ አባዬ?"

"ለትንሽ ጊዜ ነው። ልረፍበት ብዬ ነው።"

በሚቀጥለው ሳምንትም እንደተሸፈነ ነው። አባቴ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ አሁን ግን ስለ ማርሽ አያወራም። ቁርኣኑን ይዞ ገጹን ወደ ብርሃኑ ያቀርባል፣ ያርቃል፣ ደግሞ ያቀርባል። እናቴ ኩሽና ውስጥ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

"አትንገሪያት ብሎኛል" አለች በሹክሹክታ። "ዓይኔ እየሄደ ነው ይላል። የመንገዱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። አንዳንድ ቀን ያየዋል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋበታል። ሌሊት ተነስቶ እጁን ፊቱ ላይ እያወዛወዘ ጣቱን ሲቆጥር አይቼዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት ሥራ ቀርቼ ወደ ዓይን ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ጠብታ አደረጉለት፣ ፎቶ አነሱት፣ ከበፊቱ ፎቶ ጋር አስተያዩት። ሐኪሙ ምንም የተለወጠ ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም ስኳሩን በደንብ እንደያዘው ነገረን። እኔ ደስ ብሎኝ መንዳት ጀመርኩ። አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከጎኔ ተቀምጧል።

"ሰማኸው አይደል? ደህና ነህ።"

"አዝኖልኝ ነው" አለ።

"ሐኪም እንዲህ ዓይነት ነገር አይዋሽም።"

"ታዲያ ጽሑፉ ለምን ሸሸኝ?"

ዓይኑ ውስጥ የገባው ጠብታ እስኪለቀው ያን ቀን እዚያው አደርኩ። በነጋታው ጠዋት ጨርቁን ገልጬ፣ "እስኪ እየነዳህ አሳየኝ" አልኩት። አይሆንም አለ። ለመንኩት። እናቴ መኝታ ቤት ሆና ኮምቦልቻ ካለች እህቷ ጋር በቪዲዮ እያወራች ነው፤ ሳቋ እስከ ሳሎን ይሰማል። አባቴ እኔን ለማስደሰት ሲል ጥቁር አረንጓዴዋን አስነሳና ወጣ።

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ጥርት ያለ ነበር። ፍሪዌይ ገባ። ሩቅ ላይ ትልቁ አረንጓዴ ሰሌዳ ብቅ አለ። ስንቀርበው ግልጽ ይሆናል ስል፣ ምስሉ ድንገት እንደ ሻሽ ሳሳ፤ ዛፉም አስፋልቱም በትንንሽ ካሬ ተከፋፈለ፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎችም ውኃ እንደነካው ቀለም ተንሳፈፉ።

"ይኸው" አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሁንም ሸሸኝ።"

"አባዬ፣ እኔም ማንበብ አልቻልኩም።"

"አታጽናኚኝ ልጄ።"

"ወላሂ! እኔም አልቻልኩም!"

መኪናውን ዳር አስያዝኩትና ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። "እማዬ፣ አንዴ ዝጊው! ለአንድ ደቂቃ!" እናቴ ደንግጣ እህቷን ሳትሰናበት ዘጋችው። ተመልሼ አባቴ አጠገብ ቆምኩ። ትንሽ ቆየና ፊደሎቹ ከሄዱበት ተሰብስበው መጡ።

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የከተማውን ስም አንድ በአንድ፣ ከዚያ ርቀቱን፣ ከዚያ ከሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ። መኪናውን አንቀሳቀሰና የሚቀጥለውንም አነበበ። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከፊቱ የሚሄደው የጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር አነበበ።

"ዓይኔ አይደለማ!" አለ። መጫወቻውን ጉልበቱ ላይ አኖረና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ምን ሆነ? ምን አደረጋችሁት?" ትላለች። አስረዳኋት። ወደ ቤታቸው የሚገባው የኢንተርኔት መስመር አንድ ነው፣ ያውም ቀጭን። የእህቷ ምስልና የመኪናው ምስል ሁለቱም በሱ ነው የሚመጡት። መስመሩ ሲጠብበት አገልግሎቱ ጌሙን አያቆመውም፤ ምስሉን እያሳሳ ይልካል። በዲስክ የሚሠራ ጌም እንዲህ አይሆንም።

"እኔ ከእህቴ ጋር በሳቅኩ ቁጥር ነው አንተ የታወርክ የመሰለህ?" አለች። "ይህን ሁሉ ጊዜ?" ማልቀስ ጀመረች።

አባቴ ተነስቶ አቀፋት። እኔ ፊት እናቴን ሲያቅፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "አብሽሪ፣" አላት፣ "እንኳንም ስልክሽ ሆነ። ደውይላት አሁን፣ ደንግጣ ይሆናል።"

እኔ ግን አብሽሪ ቢሉኝም አልጽናናም ነበር። ምስል በቀጭን መስመር ሲሳሳ ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ፤ ቢሮዬ ውስጥ ሆን ብለን መስመር እያጠበብን የምንፈትሸው ነገር ነው። ሪፖርት ስጽፍ "ጥራቱ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ተጠቃሚውን አያስቸግርም" ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ። ተጠቃሚው ዓይኑን ሊያጣ የሚፈራ ሰው ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አልጻፍኩትም።

ሁለቱ ሰዓት ተከፋፈሉ። ጠዋቱ የእናቴ፣ ኮምቦልቻ ሲመሽ ማለት ነው፤ ከዙህር ሰላት በኋላ ያለው የአባቴ ሆነ። ወር መጨረሻ አካባቢ ኢንተርኔት የሚሰጣቸው ድርጅት "ብዙ ተጠቅማችኋል" ብሎ መስመሩን ሲያዘገየው፣ "ዛሬ መንገዱ ጭጋግ ነው" ይልና ያጠፋዋል። ዓይኑን ግን ከዚያ ወዲህ አልጠረጠረም።

ዓመት ሊሞላው ሲል ኢሜይል መጣልኝ። የኩባንያው ጽሑፍ ትሑት ነበር። ከጌሙ ባለቤቶች ጋር የነበረው ስምምነት ስላበቃ ጌሙ በወሩ መጨረሻ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ በምትኩ ሌሎች ብዙ አዳዲስ ጌሞች እየመጡ ነው። የሌሎቹን ስም አየሁ። ሁሉም መተኮሻ ነው። ለደንበኛ አገልግሎታቸው ጻፍኩ፤ ቢያንስ አባቴ የሠራውን፣ የድርጅቱን መዝገብ፣ መኪናዎቹን አውርጄ ማስቀመጥ እንድችል ለመንኳቸው። አንድ ቀን ጌሙን ብገዛው ካቆመበት እንዲቀጥል ብዬ ነው። የመለሰልኝ ሰው ደግ ነበር፣ ግን የተቀመጠው ሁሉ እነሱ ጋ እንደሆነና ወደ ውጭ ማውጣት እንደማይቻል ነገረኝ።

ለአባቴ መንገር ከበደኝ። ሦስት ቀን አዘገየሁት። በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነገርኩት።

"የገዛሽው አይደለም እንዴ?" አለ።

"ኪራይ ነው አባዬ።"

"መኪናዎቹስ?"

"እነሱም።"

"ሠርቼ ያገኘኋቸው እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

ወደ ስክሪኑ አየ። ስክሪኑ ጠፍቶ ስለነበር እኛው ሁለታችን ነን የምንታየው። "ቀን ሰጥተውናል አይደል?" አለ። "ይህም አንድ ነገር ነው። ሳይነግሩ የሚያስወጡም አከራዮች አሉ።"

በቀሩት ቀናት አዲስ ጭነት አልተቀበለም። አምስቱን ሾፌሮች አንድ በአንድ ጥሪ እያደረገ ወደ ግቢ አስገባቸው፤ ሾፌሮቹ ሰው አለመሆናቸውን በደንብ ያውቃል። በመጨረሻው እሁድ እኔም እናቴም ወዳጁም ተሰብስበን አየነው። ጥቁር አረንጓዴዋን ከባሕሩ ዳር ካለው ከተማ ይዟት መጣ፣ ተሳቢውን ወደ ኋላ እያስገባ በአንድ ጊዜ በሁለቱ መስመሮች መሐል አቆማት። ያ በዚያ የሚዘገይ መሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባው ወዳጁ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። መብራቱን አጠፋ። መጫወቻውን ሣጥኑ ላይ አኖረና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልገጨሁም" አለ።

ማንም አልሳቀም። ወዳጁ ብቻ ተነስቶ ትከሻውን ሳመው።

ምዝገባውን በማግስቱ ሰረዝኩት። በዓይነቱ የመጀመሪያ የነበረው ያ አገልግሎት ራሱም ብዙ አልቆየም፤ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ ሲባል ሰማሁ። እኔ ቂም የለኝም። ያ ሣጥን አባቴን ከመስኮቱ ሥር አንስቶታል። ግን ያነሳውን ሰው መልሶ የት እንደሚያስቀምጠው የማሰብ ግዴታ አልነበረበትም፤ ያን ማሰብ የኔ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከአንድ ባልደረባዬ ያገለገለ ጠንካራ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ጌሙንም በዲስክ አገኘሁት። ካርቶኑን ከቁም ሣጥን አውጥተን መሪውን ስንሰካው ወዲያው ነቃ። አባቴ ከዜሮ ጀመረ፤ አንድ መኪና፣ አንድ ጭነት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ገጨ። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ቀድሜ እያዞርኩ ነው" አለ በመገረም። "ያ ነገር አስለመደኝ። መኪናው እኮ አሁን ወዲያው ይሰማል!" ለመርሳት ሳምንት ያህል ፈጀበት።

እናቴ አሜሪካ በኖረችበት ዘመን ሁሉ መሪ ይዛ አታውቅም ነበር። አውቶቡስ አለ፣ አባቴ አለ፤ ምን አስቸኮላት። አንድ ቀን ከሰዓት ስደርስ ግን ወንበሩ ላይ እሷ ተቀምጣለች። አባቴ ከጎኗ በርጩማ ላይ ነው።

"ስፖኪዮ" ይላታል።

"አየሁ እኮ!"

"አላየሽም፤ አንገትሽ አልዞረም።"

ስታቆም ምን እንዳስጀመራት ጠየቅኳት፣ ሳቀችብኝ። በኋላ ግን አባቴ ሳይሰማ፣ "ትንሿንም መኪና የሚያቆምበት ቀን ይመጣል" አለችኝ። "ያን ቀን አድርሱኝ እያለ ሰው እንዲለምን አልፈልግም።" ለጽሑፍ ፈተናው መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አመጣሁላት። ከዚያ ወዳጁ በባዶ የፓርኪንግ ሜዳ በእውነተኛ መኪና አለማመዳት። በሁለተኛው ሙከራ አለፈች። አባቴ የመኪናውን ቁልፍ በራስ ወዳድነት ሳይሆን ለሷ ሰግቶ ጥቂት ወር ያዘው፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ራሱ አንስቶ ሰጣት።

በፍሪዌይ ብቻቸውን ያደረጉት የመጀመሪያ ጉዞ ወደ እኔ ቤት ነው፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ። ፓርኪንጉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መኪናዋ ቀስ ብላ ገባች፣ ሁለቱን መስመር ረግጣ ቆመች። እናቴ ሞተሩን አጥፍታ ትንሽ ተቀመጠች። አባቴ ወርዶ በሯን ከፈተላት።

"ከግማሽ መንገድ፣ ከፍሪሞንት ወዲህ አንድ ቃል አልተናገርኳትም" አለኝ።

"ውሸቱን ነው!" አለች ከመኪናው ውስጥ። "ፍሬቻ፣ ፍሬቻ እያለ ነው የመጣው።"

ቀበቶዋን ፈታሁላትና እየሳቅን ወደ ላይ ወጣን።